የአያ ብሩ «እችላለሁ»

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፯ ዓ.ም.፣ ጎንደር

እኔ ኃጥእት ታንጉት፣ ፊደል ላስተምርበት የተከፈለኝን የሽምብራ ቆሎ በልቼ፣ ሳላስተምር መቅረቴን በታላቅ ትሕትና እናዘዛለሁ።

ከፋዩ ጎረቤታችን አያ ብሩ ናቸው። በሚካኤል ጽዋ፣ በማኅበርተኛው ፊት አንድ መስመር ማንበብ ተመኙ። እኔ ደግሞ ለጨዋታ ቸኩዬ፣ «መምህራችን እንደሚለው፣ ጧት ጧት ‹እችላለሁ› ያለ ሰው ያሰበው ይሳካለታል» አልኋቸው። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን አውጥተው እንደ «እግዚኦ» ይቆጥሩት ጀመር! በአጥር ቀዳዳ እያየሁ በሳቅ ሞትሁ።

ዛሬ የጽዋው ተራ የእኛ ቤት ነበር። አያ ብሩ መጽሐፉን ተቀብለው ቆሙ። ገጹን አዩት፣ አዩት። ቄሱ «ምነው አያ ብሩ፣ መጽሐፉ ነው የሚያነብዎት?» ሲሏቸው ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

እንግዳው ሲበተን ይቅርታ ልጠይቃቸው ተጠጋሁ። ቀደሙኝ።

«ትምህርትሽስ ሸጋ ነበር፣ ልጄ። ቁጥሩን ያጓደልሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም።»

ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ነገ ከ«ሀ» እጀምርላቸዋለሁ። ግን እውነቱን በምን አፌ…

አሁን ደግሞ ቆሎ ቋጥረው በአጥሩ ቀዳዳ አዩኝ።

«ታንጉት! እጥፍ አድርጌ ብቆጥረውስ?»