ባለገመዱ ኤርፎን

ልጄ ሩሃማ፣ በሰላም ያስገባሽ ጌታ በሰላም ይመልስሽ። እኛ ደህና ነን። ቡልቡላ ውሃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ በጀሪካን የማወጣው እኔው ነኝ።

በጓደኛሽ በሀይሚ እጅ ከዱባይ የላክሽልኝ ገመድ አልባ ኤርፎን ደርሶኛል። ድምፁ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን አልወደድኩትም።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ወሬ ስለሚያሳልፍ፣ የምትልኪውን ድምፅ በድሮው ባለገመድ አንዱን ጆሮ እኔ፣ አንዱን አባትሽ አድርገን ነበር የምንሰማው። ሳይነግረኝ ፓስፖርት ካወጣልሽ ወዲህ እንደማንነጋገር ታውቂያለሽ። ገመዱ አጭር ስለሆነ ግን ትከሻ ለትከሻ ገጥመን እንቀመጥ ነበር። ስታለቅሺ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ያ ይበቃኝ ነበር።

አሁን አንዷን ፍሬ ይዞ በረንዳ ይወጣና በሩን ይዘጋል። ማልቀሱን እንኳ አላውቅም። የድሮውንም አዲሱ በመጣ ማግስት ለዘበኛው ሰጠው።

ያሰብሽልኝ አይጉደልብሽ፣ እጅሽ ይባረክ። ሰው ስታገኚ ግን ባለገመዱን ላኪልኝ። ወሎ ሰፈር ሞልቷል፤ እኔ ከገዛሁት አባትሽ አይነካውም፣ ካንቺ ከመጣ ግን እምቢ አይልም። ገመዱ ረጅም እንዳይሆን።

እናትሽ ገንዘቤ