ሐሙስ እንዲደቅ ስለተወሰነው ዘጠነኛው ዲስክ

ለመረጃ ቴክኖሎጂ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሰኞ፣ ኅዳር 8

ጉዳዩ፦ በስህተት ለማስወገድ የላክሁት ሃርድ ዲስክ ከሐሙስ በፊት እንዲመለስልን እና አንዱ ኮምፒውተራችን በአሮጌው ሲስተም እንዲቆይ እንዲፈቀድልን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

ኮምፒውተርዎ ሥራ መሀል ላይ «አዲስ ሲስተም መጥቷል፤ አሁን ይጫን ወይስ በኋላ?» ብሎ ሲያቋርጥዎ፣ «ለመሆኑ ምን ይጠቅመኛል?» ብለው ራስዎን ሳይጠይቁ አልቀሩም። እኔ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ሁልጊዜ «አሁን» የምል ሰው ነኝ። ይህን አቤቱታ የምጽፈውም በዚሁ ጠባዬ ምክንያት ነው።

በሰው ሠራሽ እግር መሥሪያ ማዕከሉ በኮምፒውተር ባለሙያነት ከተቀጠርኩ ገና ሦስተኛ ወሬ ሲሆን የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም። ከመምሪያዎ «ሁሉም ኮምፒውተሮች አዲስ ዲስክ ገብቶላቸው ወደ አዲሱ ሲስተም ይዛወሩ፤ አሮጌዎቹ ዲስኮች ለማስወገድ ይላኩ» የሚለው ሰርኩላር ሲደርሰን ከደስታዬ ብዛት ምሳ አልበላሁም። የተማርኩት ለዚህ ነው አልኩ። የተሰጠን ጊዜ አንድ ወር ነበር፤ እኔ በአራት ቀን ጨረስኩ። ከቅርንጫፎች ሁሉ ቀድመን መቶ በመቶ ፈጸምን ተብሎ በእርስዎ ፊርማ የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈልኝ። እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቀለችው።

እውነቱን ለመናገር፣ ለስምንቱ ኮምፒውተሮች መዛወሩ እጅግ ጠቅሟል። በየሳምንቱ በቫይረስ ይበላሽ የነበረው የቀጠሮ መዝገብ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልተበላሸም። የካርድ ክፍሏ እትዬም «ድሮ ኮምፒውተሩ እስኪነሣ የሹራብ እጅጌ እጨርስ ነበር፤ አሁን ሥራ አስፈታሽኝ» ትለኛለች። ስለዚህ አቤቱታዬ አዲሱን ሲስተም ለመቃወም አይደለም። ችግሩ ዘጠነኛው ነው።

1. ዘጠነኛው ኮምፒውተር ያለው በቅርጽ ክፍል ነው። የታካሚውን ተቆርጦ የቀረ እግር የሚለካው መሣሪያም፣ በልኩ መሠረት ቅርጹን የሚያወጣው ማሽንም የሚታዘዙት ለእሱ ብቻ ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ በፕላስተር የተለጠፈ «አትንኩኝ» የሚል ወረቀት ነበረበት። የጻፉት የክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው፤ ከጫማቸው እስከ ቅንድባቸው በጄሶ ብናኝ ነጭ ስለሆኑ ሁላችንም ጋሽ ጄሶ እንላቸዋለን።

2. እኔ ክፍሉ በገባሁ ዕለት ጋሽ ጄሶ ለሕክምና ሄደው ነበር። ወረቀቱን አነበብኩት፤ ሳቅኩ፤ ላጥኩትና ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት። ሰርኩላሩ በተራ ቁጥር 4 እንደሚያዘው የሰነዶችን ፎልደር ቀዳሁ። የማሽኑ ፕሮግራምና የታካሚዎቹ ልክ ሌላ ቦታ ይቀመጡ እንደሆነ ማንንም አልጠየቅኩም። አሮጌውን ዲስክ አውጥቼ፣ ላዩ ላይ «9» ብዬ ጽፌ፣ «ጠቃሚ መረጃ የሌለበት መሆኑን አረጋግጫለሁ» በሚለው ቅጽ ላይ ፈርሜ ላክሁት።

3. ማሽኑ ከአዲሱ ሲስተም ጋር አይሠራም። ያመረተው ድርጅት ከተዘጋ ዓመታት ስላለፉ ለአዲሱ የሚሆን ፕሮግራም የሚያወጣለት የለም። የመጫኛውን ሲዲ መሳቢያ ለመሳቢያ ፈልገን አጣነው። ፕሮግራሙም፣ ተራ የሚጠብቁ የሃያ ሦስት ሰዎች ልክም ያለው በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ጋሽ ጄሶ ሲመለሱ ይጮኹብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ማሽኑን ሁለት ጊዜ አጥፍተው አበሩት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡና «ጥፋቱ የኔም ነው ልጄ፤ ምክንያቱን አብሬ መጻፍ ነበረብኝ። ባዶውን አትንኩኝ ማለት ለተማረ ሰው ግብዣ ነው» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን በእጃቸው ይቀርጻሉ። ማሽኑ የተገዛው ግን ጣቶቻቸው በቁርጥማት ስለተያዙ ነው። ባለፉት ዐሥራ ስድስት ቀናት የወጣው እግር አንድ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የጄሶ ባልዲ እሸከምላቸዋለሁ፤ «ቀስ በይ፣ ዲግሪሽን እንዳታነጪው» እያሉ ይቀልዱብኛል። መሳቅ አቅቶኛል።

ለምን ቶሎ አላሳወቅሽም ቢሉኝ፣ በሌላ መንገድ እፈታዋለሁ ብዬ ነበር። ደብዳቤው ከግድግዳ እንዳይወርድም ሳልሰጋ አልቀረሁም።

ከሃያ ሦስቱ አንዷ መምህርት ናቸው። በመኪና አደጋ ግራ እግራቸውን ከጉልበት በታች አጥተዋል። ትምህርት ቤቱ ቦታቸውን ይዞ የሚጠብቃቸው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። ባለፈው ረቡዕ በምርኩዝ ሁለት ፎቅ ወጥተው እግራቸውን ሊወስዱ መጡ። ነገሩን ሳስረዳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «እኔ እኮ ይህን እግር አንዴ አጥቼዋለሁ። ደግሞ ኮምፒውተር ውስጥ ጠፋ ልትይኝ ነው?» አሉ። ሲወርዱ ቦርሳቸውን ይዤ ተከተልኳቸው። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ቆም ብለው «ታዲያ መቼ ልምጣ?» አሉኝ። ታችም ደርሰው ደገሙት። እኔም ከአንድ ሳምንት በኋላ ብዬ ሸኘኋቸው፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ ነው።

4. ዓርብ ዕለት ራሴ ንብረት ክፍል ሄጄ ነበር። ሠራተኛው «እህቴ፣ አንቺው ፈርመሽ አስገብተሽ፣ አንቺው አልቅሰሽ ልታወጪ ነው? ያለ ኃላፊው ፊርማ ከዚህ ብሎን አይወጣም። ሐሙስ ጠዋት ማድቀቂያው ይመጣል» አለኝ። አልተሳሳተም። አዝኖልኝ ግን በሽቦው በኩል ካርቶኑን አሳየኝ። ዲስኩ ከላይ ነው። የጻፍኩት 9 ይታያል። ከቆምኩበት ሁለት ክንድ አይርቅም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው፦

ሀ) ቁጥር 9 ዲስክ ከሐሙስ ጠዋት በፊት ወጪ ሆኖ እንዲመለስልን፤

ለ) ያ አንድ ኮምፒውተር ከኔትወርክ ተነጥሎ፣ ፍላሽ እንዳይሰካበት ተደርጎ፣ በአሮጌው ሲስተም እንዲቆይ፤ ቅጂውንም በሁለት ቦታ የማስቀመጡን ኃላፊነት እኔ እወስዳለሁ፤

ሐ) ሥራው ሲጓተት፣ ክፍሉ በስማቸው ስለተመዘገበ ብቻ ጋሽ ጄሶ የተጻፈባቸው የማብራሪያ መጠየቂያ ተነሥቶ በእኔ ስም እንዲጻፍ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅጣቱ ከሥራ መሰናበት ከሆነም እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ዲስኩን በቦታው እስክመልሰው ድረስ ይታገሡኝ።

መቶ በመቶ የተባለው ሪፖርትም «ከዘጠኝ ስምንት» ተብሎ ይታረምልኝ። የምስጋና ደብዳቤውን ከዚህ ጋር አያይዤ መልሻለሁ። ከግድግዳው ሳወርደው እናቴ «ሚስማሩንስ ልንቀለው?» ብላ ጠየቀችኝ። ይቆይ አልኳት።

መምህርቷ ከነገ ወዲያ፣ ረቡዕ ረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደረጃውን ይወጣሉ። በሩ ላይ ቆሜ የምጠብቃቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በፊት በዚሁ ወረቀት ኅዳግ ላይ በእጅዎ አንድ መስመር ቢጽፉልኝ ይበቃኛል። መቼ ይምጡ ልበላቸው?

ከአክብሮትና ሰላምታ ጋር፣ መልስዎን የምትጠባበቅ ሠራተኛዎ

(ፊርማ)
በሙከራ ላይ ያለች የኮምፒውተር ባለሙያ
ሰው ሠራሽ እግር መሥሪያ ማዕከል

አባሪ፦ የምስጋና ደብዳቤ፣ አንድ ገጽ