የረቡዕ ልጆች

ሴፕቴምበር 13፣ ረቡዕ

ልብስ አጠብኩ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ቆመብኝ። ባለቤቴ ዘርይሁን ምሳውን ረስቶ ሥራ ሄደ።

ረቡዕ ነው። ልጆቻችንን ቤት የምናስተምር እናቶች የምንገናኝበት ቀን። ከሕንፃችን ሥር ባለችው የነዋሪዎች መሰብሰቢያ፣ ፓርቲ ሩም፣ አምስት ቤተሰብ፣ ዘጠኝ ልጅ። የማሰባስበው እኔ ነበርኩ። ልጄ ማቲ ልቡ ደካማ ስለነበር ትምህርት ቤት መዋል አልቻለም። እሱን ቤት ማስተማር ስጀምር ነው ሌሎቹ አንድ በአንድ የመጡት።

ማቲ ከሞተ ሦስት ወር ሊሆነው ነው። ትምህርት ተጀምሮ ሴፕቴምበር ተጋምሷል፣ ማንም አልደወለም። ልጅ የሌላት እናት እዚያ ምን ትሠራለች?... እንደዚያ አስበው ይሆናል።

ሴፕቴምበር 17፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ቆንጂትን አገኘኋት። ከቡድናችን እናቶች በጣም የምትቀርበኝ እሷ ናት። አቅፋ ሳመችኝ። "አይዞሽ፣ በርቺ።" ልጇ ናዝራዊት አንድ ነገር ልትለኝ አፏን ስትከፍት ክንዷን ሳብ አደረገቻት። "ነይ፣ አውቶቡስ ያመልጠናል።"

አውቶቡሱ ገና አልመጣም ነበር።

ሴፕቴምበር 20፣ ረቡዕ

አየኋቸው። ከገበያ ስመለስ፣ ከአውቶቡስ መስኮት። መናፈሻው ውስጥ፣ በዝናብ። ልጆቹ አንዲት ጠረጴዛ ዙሪያ ተጨናንቀዋል፣ ቆንጂት ጃንጥላ ይዛ ከላያቸው ቆማለች። ሁሉም አሉ።

መውረጃዬን አለፍኩ።

ዘርይሁን ሲመጣ ነገርኩት። "ጠይቂያቸዋ" አለ። ምን ብዬ? ያለ እኔ ጀመራችሁ ወይ ብዬ?

ሴፕቴምበር 23፣ ቅዳሜ

ቆንጂትና ናዝራዊት መጡ። ዳቦ ይዘው። ስለ አየሩ አወራን። ስለተበላሸው ሊፍት አወራን። ከዚያ ናዝራዊት፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣ "ለምንድን ነው ቁልፉን የማትሰጪን?" አለችኝ።

"ናዚ!" አለች እናቷ።

"የቱን ቁልፍ?"

"የፓርቲ ሩሙን። እማዬ ሀዘን ላይ ያለ ሰው ቁልፍ አይጠየቅም አለች። እግሬን በረደኝ።"

ቁልፉ እኔ ጋ ነው። በእኔ ስም የተፈረመ። ከጁን ጀምሮ ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ... አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ቆንጂት ፊቷን በእጇ ሸፈነች። "ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ልጅሽን ቀብረሽ፣ እኔ ደጅሽ ቆሜ ቁልፍ አምጪ ልበል?"

"እና ሦስት ሳምንት በዝናብ?"

"ሁለት ነው። አንዱን ሞል ውስጥ ነበርን። ጥበቃው አስወጣን።"

ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ። እሷም። ናዝራዊት ዳቦውን በላች።

ሴፕቴምበር 27፣ ረቡዕ

ከፈትኩላቸው። ወንበር ላነሳ ስል "አንቺ ተቀመጪ"። ሰሌዳ ልጠርግ ስል "ኧረ ተይ፣ እኛ አለን አይደል?" ውብአለም፣ የመንትዮቹ እናት፣ ሻይ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ልጆቹ አጠገቤ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። የማቲን ስም ማንም አልጠራም።

ለቅሶ ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ለዚህ ነው የወረድኩት?

ኦክቶበር 4፣ ረቡዕ

ቁልፉን በዘርይሁን ላክሁላቸው። አልወረድኩም።

ኦክቶበር 11፣ ረቡዕ

በር ተንኳኳ። ናዝራዊት ብቻዋን፣ ደብተር ይዛ። ፍራክሽን፣ ክፍልፋይ ቁጥር፣ አልገባትም።

"እማዬ ታስረዳኛለች፣ ግን ትጮኻለች። ማቲ በብስኩት ነበር የሚያሳየኝ። ትልቁን ቁራጭ ግን እሱ ይበላዋል።"

ማቲ አለች። እንደ ማንኛውም ልጅ ስም።

"ሁልጊዜ?" አልኳት።

"ሁልጊዜ! ያጭበረብራል።"

አላውቅም ነበር። ስለ ልጄ የማላውቀው ነገር አለ... ብስኩት አወጣሁ። ግማሽ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ። ሲገባት አብረን ወረድን።

ለእናቶቹ ነገርኳቸው። የልጄን ስም ጥሩልኝ፣ ሥራም ስጡኝ። ውብአለም፣ "እንግዲያው ልጆቹን በረዶ ላይ ለምናንሸራትትበት ቀን ስኬቲንጉን አንቺ ቡክ አድርጊልን" አለች።

ኖቬምበር 3፣ ዓርብ

ሦስት ቦታ ደወልኩ። አንዱ ጋ የመንሸራተቻ ጫማ ያከራያሉ፣ እዚያ ቀን ያዝኩ። የልጆቹን የእግር ቁጥር ጻፍኩ። ስምንት ልጅ። እጄ ዘጠነኛ መስመር አሰመረ... ባዶውን ተውኩት።

ኖቬምበር 15፣ ረቡዕ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ቀኑን በአንድ ሳምንት ተሳስቻለሁ።

ሁለት አውቶቡስ ቀይረን ሄድን። መንሸራተቻው በረዶ በሆኪ ተጫዋቾች ተይዟል። የቦታው ተቆጣጣሪ መዝገቡን አየ። የእናንተ የሚቀጥለው ሳምንት ነው አለን። ልጆቹ አኮረፉ። መንትዮቹ አለቀሱ።

ቆንጂት ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ሴትዮ! ቀን ማየት እንዴት ያቅትሻል? ከጧት ጀምሮ ለስምንት ልጅ ጓንት ሳጠልቅ የዋልኩት ለዚህ ነው? ትናንት ደውዬ አረጋግጪ አላልኩሽም?"

ከዚያ ደነገጠች። አፏን በእጇ ያዘች። ውብአለም መሬት መሬት አየች። "ይቅር በይኝ፣ እኔ እኮ..." አለች ቆንጂት።

ከጁን ወዲህ ማንም ተቆጥቶኝ አያውቅም። ዘርይሁን እንኳ።

"ጨርሺ እንጂ" አልኳት። "አልጨረስሽም።"

አየችኝ። የገባት መሰለኝ። ቀጠለች። ፌርማታው ድረስ፣ አውቶቡሱ ውስጥም። ሹፌሩ ሁለት ጊዜ በመስታወት አየን። እኔስ ዝም እላለሁ? አምና ዝናብ ሊጥል ሰማዩ ጠቁሮ ፒክኒክ ያስወጣን ማን ነው? አልኳት። እሷ ትጮኻለች፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ናዝራዊት መሀላችን ትስቃለች።

ቤት ስገባ ዘርይሁን ምን ሆነሽ ነው አለኝ። ድምፄ ሰልሏል።