የሚስተር ዋልተር እናት ፊልም

የምወድሽ እታለም ወርቂቱ፣

እንዴት ሰነበትሽ? የጉልበትሽ ሕመም ታገሠልሽ ወይ? እማዬስ እህል ይወስድላታል? እኛ ተመስገን፣ ደህና ነን። ኮል ሳላደርግልሽ የቆየሁት ሐዘን ላይ ሆኜ ነው።

ካስትሮ ቫሊ እየሄድኩ የማስታምማቸው ሽማግሌ፣ ሚስተር ዋልተር፣ አረፉ። እናታቸው የሞቱባቸው ገና ጡት ሳይጥሉ ነው። ሴትዮዋ ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን፣ በየሳምንቱ በክፍል በክፍል የሚታይ የጀብዱ ፊልም ይሠሩ ነበር፤ ከባቡር የምትዘል፣ ገደል ላይ የምትንጠለጠል ሴት ሆነው። አብዛኛውን ክፍል የፊልሙ ባለቤቶች ራሳቸው ቦታ ያዘብን ብለው አቃጠሉት አሉ። የተረፈው ሽማግሌው ጋራዥ ውስጥ ያሉት በቆርቆሮ ጣሳ የተቀመጡ ሁለት ጥቅል ፊልሞች ብቻ ነበሩ።

"ሳልሞት ፊቷን ልይ" ብለው ቢለምኑኝ፣ ኦክላንድ አሮጌ ፊልም ከጥፋት የሚያድኑ ሰዎች ጋ ደወልኩ። ትምኒት የምትባል የኤርትራ ልጅ መጣች። አንዱን ስትከፍተው ፊልሙ ቡናማ ዱቄት ሆኗል፤ ሽታው ያስነጥሳል። ክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበችና፣ እሳቸው እንዳይሰሙ በአማርኛ፣ "የእናታቸው ፊት በቅርብ የሚታየው እዚህኛው ላይ ነበር" አለችኝ። ሁለተኛውን ወስዳ ከብዙ ልፋት በኋላ ጥቂት ደቂቃ አተረፈችላቸው።

ቅጂው ሲመጣ ትራስ ደግፌ አስቀመጥኳቸውና ከፈትኩላቸው። ነጭ ቀሚስ የለበሰች ሴት ከድልድይ ወደ ወንዝ ትዘላለች፤ ፊቷ አይታይም። እጄን ጨብጠው "እናቴ ናት?" አሉኝ። ትምኒት አስቀድማ ነግራኛለች፤ የሚዘለው በእናታቸው ፈንታ ቀሚስ ያለበሱት ወንድ ነው። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ፣ አልሆነልኝም። "አይደሉም" አልኳቸው። ከዚያ "ድገሚልኝ" አሉ። ደጋገምኩላቸው። ዓይናቸው የሚዘለውን ሰው ትቶ የስክሪኑን ዳር ዳር ይፈልጋል። "ሲቀርጹት እዚያው አጠገብ ቆማ ትመለከት ነበር እኮ" አሉኝ። ምንም አላገኙም።

በዚያው ሳምንት አረፉ። ቀብራቸው ላይ እኔ፣ ትምኒትና ከካምቤል የመጣ አንድ የሩቅ ዘመድ ብቻ ነበርን። እሱም ቤቱ መቼ እንደሚሸጥ ነበር በስልክ የሚያወራው።

እታለም፣ የእማዬ ፎቶ እኔ ጋ ሞልቷል፤ ድምፅዋ ግን የለኝም። እባክሽ በስልክሽ ቅረጪልኝ። አታሰናጂያት፣ ልብሷንም አትቀይሪላት። ስታወራ፣ ስትቆጣ፣ ስሜ ጠፍቶባት ስትፈልገውም ቢሆን፣ ቅረጪልኝ።

ጋሽ አክሊሉን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ። አቤሴሎምንና ያብስራን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ። ሀብቱም ሰላም ብሎሻል።

እህትሽ ዮዲ
ፍሩትቬል፣ ኦክላንድ
ጥቅምት ፱ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.