የላይኛውን መንደር መጽሐፍ ጠቅልለው ለገዙት ባለርስት

ለክቡር ሰር ክሪስፒን ኦርምሃርት፣
የስካርናይ ደሴት ባለርስት፣ የተራራዋ፣ የወንዟ፣ የአጋዘኗና የስብሰባ አዳራሿ ጌታ፣ የመጻሕፍት ሳምንቷም የክብር ጠባቂ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደ ርስትዎ የተንጣለለ፣ እንቅልፍዎም ማንም ቀስቅሶት እንደማያውቀው እንደ ሕሊናዎ የጠለቀ እንዲሆን እመኛለሁ። እኛ እዚህ ታች ወደቡ ዳር ያለን ሰዎች፣ ዝናቡ በአንዱ ጎን ሲመጣብን ወደ ሌላው ጎን እየዞርን፣ ደኅና ነን።

አያውቁኝ እንደሆነ ሙርዲና ጊሊስ እባላለሁ። ከወንድሜ ከሩሪ ጋር በአሮጌው የዓሣ መረብ ማከማቻ ውስጥ «ሦስት ወንበር» የምትባል አሳታሚ ድርጅት አለችን። ስሟን ያወጣንላት ያላትን ንብረት ቆጥረን ነው፤ አንዱ ወንበር የእኔ፣ አንዱ የሩሪ፣ ሦስተኛው ጽሑፍ ይዞ ለሚመጣ እንግዳ ነው። እስካሁን የአንድ መብራት ቤት ጠባቂ ግጥሞችን፣ የባሕር አረም አበሳሰልን፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ስላለች አቆስጣ የምትባል የባሕር እንስሳ የሚናገር የልጆች ተረት፣ እንዲሁም በእኛ በጋይሊክ ቋንቋ ለመጥፎ አየር ያሉንን ቃላት የሰበሰበ መዝገበ ቃላት አሳትመናል፤ ይህ የመጨረሻው እጅግ ወፍራም ነው። የለንደን ትልልቅ አሳታሚዎች «ይህን ደግሞ ማን ያነበዋል?» ብለው የሚመልሱትን ጽሑፍ የሚቀበሉ እንደኛ ያሉ ሰዎች በስኮትላንድ በየወደቡና በየጓዳው አሉ። ሀብታም የሆነ ግን አላየሁም። ሩሪ ጠዋት ጠዋት የተማሪ አውቶቡስ ይነዳል፤ እኔም ከሰዓት በኋላ ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጬ ለእርስዎ የሚመጡትን ውድ የወይን ጠጅ ሣጥኖች ፈርሜ እቀበላለሁ።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ልወቅስዎ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት አምጥቼ። የምጽፈው ለማመስገን ነው። ውለታዎ ስለበዛም እንዳይደበላለቅብኝ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩ኛ፦ ስለ ጠበቃዎ ደብዳቤ

አክስቴ ክርስቲ ማክፌይልን ያውቋቸዋል። አክስቴ የምላቸው በዝምድና ሳይሆን የደሴቲቱ ሰው ሁሉ እንደዚያ ስለሚላቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ የዚህች ደሴት ነርስ ነበሩ፤ እርስዎንም ሕፃን ሳሉ ለክትባት ሲይዙዎ የሚኖሩበት ግምብ እስኪናጋ ጮኸው እንደነበር ያስታውሳሉ። በየቤቱ ቁስል ሲያጥቡና መርፌ ሲወጉ፣ ሽማግሌዎቹ ሕመሙን ለመርሳት የሚያወሩትን ያዳምጡ ነበር። ሽማግሌዎቹም የሚያወሩት ስለ ላይኛው መንደር ነበር፤ የርስትዎ የቀድሞ ጌቶች በግ ከሰው ይሻላል ብለው ሰዉን ወደ መርከብ፣ ጣሪያውን ወደ እሳት ስለላኩበት፣ ዛሬም «የአጋዘን እይታ» የተባለው የእንግዳ ማረፊያዎ ስለቆመበት መንደር። አክስቴ ክርስቲ የእያንዳንዱን ቤት ስም፣ የኖረበትን ሰውና የሄደበትን አገር ጽፈው «የላይኛው መንደር ደጃፎች» አሉት።

ጽሑፉን ይዘው መጥተው ሦስተኛው ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንዲህ አሉኝ፦

«ሙርዲና ልጄ፣ ዓይኔ እየሄደ ነው። ሐኪሙ እስከ መኸር ያቆይሻል አለኝ። እኔም ነርስ ነኝና፣ እንዳልከፋ ብሎ ትንሽ እንደጨመረበት አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ በዓይኔ ላንብበው። ከዚያ ወዲያ እንዳሻችሁ አድርጉት።»

«በጸደይ እጅዎ ይገባል» አልኋቸው።

የሰው ቃል ትልቅ ነገር ነው፤ እርስዎ ዘንድ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኛም ሌሊቱን ቀን አድርገን ሠርተን ጽሑፉን ለአታሚያችን ላክን። ወረቀቱ ተቆርጦ ቀለሙ ተዘጋጅቶ ሳለ ግን የጠበቃዎ ደብዳቤ ለእኛም ለአታሚውም ደረሰ። መጽሐፉ የርስቱን መልካም ስም ያጎድፋል፣ የነካው ሁሉ በፍርድ ቤት ይጠየቃል ይላል። መልካም ስም የሚባል ንብረት እንዳለዎ ባለማወቃችን አሁንም ይቅርታ እንጠይቃለን። አታሚው በስልክ ልቅሶ ቀረሽ ድምፅ ነበረው።

«ሙርዲና፣ አትቀየሚኝ። እኔ እኮ የማሽኑን ዕዳ ገና አልጨረስሁም። ከባለርስት ጋር ፍርድ ቤት ብቆም ከነሠራተኞቼ ነው የምዘጋው።»

አልተቀየምሁትም። ፈሪ እንዲሆን የተደረገን ሰው መቀየም ቀላል ነው፤ ተገቢ ግን አይደለም፤ ስለዚህ ቂሜን ሙሉ በሙሉ ለእርስዎ አስቀመጥሁት። ጸደዩ እንዲሁ አለፈ፤ በጋውም ተከተለው። አንዱ አታሚ ስልካችንን አያነሳም፣ ሌላው ያነሳና ይስላል። አንድ ቀን አክስቴ ክርስቲ ደውለው፣ «ዛሬ የሻይ ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ አቃተኝ» አሉኝ። ወዲያውም፣ «ምን ያስደነግጥሻል፤ ሻይ መሆኑን እንደሆነ አውቀዋለሁ» አሉና ሳቁ። ስልኩን ዘግቼ መረብ ማከማቻው ጀርባ ሄጄ አለቀስሁ። ሩሪም አይቶኝ እንዳላየ ሆነ።

በመኸር በምሥራቁ ጠረፍ የምትገኝ ኢሶቤል የምትባል አታሚ አገኘን። ስለ ዛቻው አስቀድመን ስንነግራት፣ «ይጻፍልኛ! አሳምሬ አትሜ መስኮቴ ላይ እለጥፍለታለሁ» አለችና ሥራውን ጀመረች። ጠበቃዎ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈላትም። ለካ ዛቻው እስከ ፍርድ ቤት በር የሚያደርስ እግር አልነበረውም። እኛ ግን ይህን ያወቅነው አክስቴ ክርስቲ የፊት ለፊታቸውን ሰው በድምፁ ብቻ መለየት ከጀመሩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከአንዲት አሮጊት ነርስ ላይ የመጨረሻውን የንባብ ወራት ለመውሰድ አንድ ገጽ ብቻ ስለበቃዎ፣ ስለ አጻጻፍዎ ቁጠባ አድናቆቴን እገልጻለሁ።

፪ኛ፦ ስለ አዳራሹ ጣሪያ

መጽሐፉ እንደደረሰ ለምረቃው የደሴቲቱን አዳራሽ ጠየቅን። የርስትዎ ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ፒም ኮፍያውን ሳያወልቅ እኛ ዘንድ መጥቶ፣ «ጣሪያው አስጊ ነው። ሰው ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል?» አለን።

ሩሪም፣ «ባለፈው ሳምንት እኮ ሠርግ ነበረበት» አለው።

«አዎ፣ የተጎዳው ያኔ ነው። ጨፈሩበት» አለ ሚስተር ፒም።

በማግስቱ ለአደን የመጡት እንግዶችዎ በዚያው ጣሪያ ሥር እራት በሉ። ጣሪያውም ማን እንደመጣ አውቆ ጸጥ ብሎ ቆመ። የሕንፃን ሥነ ሥርዓት እንዲህ ያስተማሩ ሌላ ባለርስት በመላው ምዕራብ ጠረፍ እንደሌለ እመሰክራለሁ።

እኛም ምረቃውን ወደቡ ላይ አደረግነው፤ ወደቡ የመንግሥት ነውና። ሰውና መኪና የሚያሻግረው መርከብ ካፒቴን፣ «መኪኖቹን ከመጫኔ በፊት ጊዜ አለ፣ የድምፅ ማጉያውን ውሰዱ» አለን። ሰዉ ለመርከቡ በተሰለፉት መኪኖች ውስጥ ሆኖ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሲያዳምጥ፣ ሩሪ ዝናብ ላይ ቆሞ የቤቶቹን ስም በድምፅ ማጉያው አነበበ። አንድ ቤት በተጠራ ቁጥር ከመኪኖቹ አንዱ ጥሩምባውን ይነፋል፤ የዚያ ቤት ሰዎች ዘር ነው ማለት ነው። ይህን ማንም አላዘዘም። መጀመሪያ የነፋው የዳቦ ጋጋሪው መኪና ነበር፤ ከዚያ ሌላው ተከተለ። ድምፁ ግምብዎ ድረስ ደርሶ አጋዘኖቹን አስበርግጎ ከሆነ በእውነት አዝናለሁ፤ ስለ አጋዘኖቹ።

አክስቴ ክርስቲ ከእኔ ጋር ጭነት መኪናችን ውስጥ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርገው ተቀምጠው ነበር። መጽሐፉን ሰጠኋቸው። ሽፋኑን ዳሰሱ፣ ከፈቱት፣ አፍንጫቸው ላይ አድርገው አሸተቱት።

«ጥሩ ቀለም ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «የእናቴ ወገኖች ቤት የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

ገጹን አውጥቼ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አሳረፍሁላቸው።

«እዚህ ነው?»

«እዚያው ነው፣ አክስቴ።»

ጣታቸውን ሳያነሱ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ አለ ማለት ነው» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ብዙ ደራሲዎች መጽሐፋቸውን ሲቀበሉ አይቻለሁ። የሚዘሉ አሉ፣ የሚያለቅሱ አሉ፣ ገና ሽፋኑን እንደገለጡ የፊደል ግድፈት አግኝተው የሚሳደቡም አሉ። በጣቱ ብቻ ያየ ግን ከእርሳቸው በቀር አላጋጠመኝም። ይህንንም ያሳዩኝ እርስዎ ነዎት።

፫ኛ፦ ስለ ንግግርዎ

ከጥቂት ቀን በኋላ የመጻሕፍት ሳምንቱን ሲከፍቱ፣ «ያልታተመ ታሪክ እንደ ተዘጋ መስኮት ነው» ብለው ለበዓሉ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተናግረዋል። አክስቴ ክርስቲ ጎኔ ተቀምጠው ነበርና በቀስታ፣ «ይህ የሚያወራው ማን ነው?» አሉኝ። ነገርኋቸው። «አሃ፤ መስታወት መሸጥ ጀመረ እንዴ?» አሉ። በዚህ ቁጥር ሥር ሌላ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የእርሳቸው ይበቃል።

፬ኛ፦ ስለ ትልቁ ግዢ

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ደረስሁ። ከንግግርዎ በኋላ ስሙን ሰምተነው ከማናውቅ የለንደን «የስጦታ ዕቃ ድርጅት» የተቀረውን መጽሐፍ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ እገዛለሁ የሚል ትእዛዝ መጣ። ሩሪ አንብቦት፣ «የሆነ ሰው እያሾፈብን ነው» አለ። ነገር ግን ገንዘቡ ቀድሞ ገብቷል። ለመሆኑ መጽሐፉ የሚደርሰው የት ነው ብለን ስናይ አድራሻው የግምብዎ የወጥ ቤት በር ነበር። ክቡር ሆይ፣ ተሸሽጎ መግዛት የፈለገ ሰው ቢያንስ የሌላ ሰው ወጥ ቤት ይከራያል።

ካርቶኖቹን በገዛ መኪናችን ጭነን አመጣንልዎ። የተቀበለን ሚስተር ፒም ሲሆን፣ ሩሪ ፈገግ ሳይል፣ «ሁሉንም ሊያነቡት ነው?» ሲለው፣ «ለስጦታ ነው» ብሎ ዓይኑን ወደ ጫማው አደረገ።

መጽሐፉን ከሰው ዓይን ለማጥፋት እንደገዙት ለመረዳት ትልቅ ብልሃት አልጠየቀንም። የመጽሐፍን ሥራ ጠንቅቀው የማያውቁ መሆንዎን ግን ያኔ ተረዳሁ። መጽሐፍ እንደ አጋዘን አይደለም፤ ሁሉንም ቢገድሉት እንኳ ኢሶቤል ዘንድ ሁለተኛ እትም አለ። በእርስዎ ገንዘብ በዚያው ሳምንት ከመጀመሪያው የሚበልጥ ቁጥር አሳተምን፤ የመንደሩንም ካርታ ጨመርንበት። የእንግዳ ማረፊያዎ ምግብ ቤት በየትኛው ጎተራ ላይ እንደተሠራ በካርታው ላይ በግልጽ ይታያል። ሦስት ወንበር ከተቋቋመች ወዲህ አንድ ሰው ይህን ያህል መጽሐፍ ገዝቶልን አያውቅም፤ የምስጋናው ገጽ ላይም ስምዎ ከነማዕረግዎ በመጀመሪያው መስመር ላይ ሰፍሯል።

የተረፈውን ገንዘብ ምን እንዳደረግንበት ማወቅ መብትዎ ነው። የድምፅ መቅጃ ገዛን። የየቤቱ ዘር የራሱን ቤት ታሪክ እየመጣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ አነበበ፤ ዳቦ ጋጋሪው፣ ካፒቴኑ፣ ሁለት የአንደኛ ደረጃ መምህራን፤ አንዲት ሴት ደግሞ ከካናዳ ደውላ በስልክ አነበበች። አክስቴ ክርስቲ አሁን መጽሐፋቸውን ከምድጃው አጠገብ ሆነው በጎረቤቶቻቸው ድምፅ ያዳምጡታል፤ በየመሀሉም፣ «ይህ ልጅ የአያቱን ስም እንኳ በቅጡ አይጠራም!» ብለው ይቆጣሉ። ደስተኛ ናቸው ብል አልዋሽም። በዓይናቸው ሊያነቡት የነበረውን ግን የሚተካ መቅጃ አልተገኘም፤ እርስዎም ሁሉን መግዛት የሚችሉ ሰው ሲሆኑ ይህንን መልሰው ሊገዙላቸው አይችሉም። ስለ እርስዎ ያለኝን አስተያየት በትክክለኛው ቃል መጻፍ እችል ነበር፤ ቃሉ በመጥፎ አየር መዝገበ ቃላታችን ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ዝናቡን መስደብ ይሆንብኛል።

በመጨረሻም፣ ርስትዎ እንዲሰፋ፣ ጠበቃዎ እንዲወፍር፣ ጣሪያዎችዎም ሁሉ እንደዚያች ሌሊት ታማኝ ሆነው እንዲቆሙልዎ እየተመኘሁ፣ በክቡርነትዎ ፊት ዝቅ ብዬ፣ ከዚህም በላይ ዝቅ የሚያደርገኝ ሥራ ከእርስዎ ሌላ እንደማይመጣ በማመን፣

የቸርነትዎ ባለዕዳ፣
ሙርዲና ጊሊስ፣
ከሦስት ወንበር አሳታሚ ድርጅት፣ ከአሮጌው የመረብ ማከማቻ፣ ስካርናይ

ማስታወሻ፦ የገዟቸውን መጻሕፍት ከግምቡ ጀርባ እንዲያቃጥሉ ሠራተኞችዎን ማዘዝዎንና ጢሱንም በመስኮት ቆመው እስከ መጨረሻው መመልከትዎን ሰማን። ሠራተኞችዎ ሁሉ የዚህች ደሴት ልጆች መሆናቸውን ዘንግተዋል። መጻሕፍቱ በዚያው ቀን በየሰዉ ቤት ገብተው አደሩ፤ ካርቶኖቹ ስለሚመሳሰሉ የተቃጠሉት ሟቹ አባትዎ ዕድሜ ልካቸውን የሰበሰቧቸው የአደን መጽሔቶች ናቸው። ማን እንዳደረገው ለማወቅ አይድከሙ፤ ሁሉም «እኔ ነኝ» ለማለት ተስማምተዋል። ኀዘንዎን እንካፈላለን። የአባት ቅርስ ሲነድ ቆሞ ማየት ምን እንደሚመስል በሚገባ የሚያስረዳ አንድ መጽሐፍ አለን፤ በዚህኛው ጊዜ ግን እባክዎ አንድ ብቻ ገዝተው ያንብቡት።