እንቁላል በሳምባ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ዛሬ አልትሽቴተን ሰፈር የማጸዳው ቢሮ የመስኮት ተራ ነበር። እግሬ አብጦ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ሀጅራ ከጄኔቫ ደወለች።

"እማ፣ የፋይዝ እናት ከማሌዥያ እየመጡ ነው። እሑድ ምሳ አንቺ ጋ ነን።"

እሑድ! ሀጅራ ልታገባው የምትፈልገው ፋይዝ ለእናቱ አንድ ልጅ ነው። "የልጅቷን እናት ሳላይ እሺ አልልም" ብለዋል አሉ። ልክ ናቸው፣ እኔም ብሆን አልልም። ግን… አይተውኝ እንቢ ቢሉስ? ልጄ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ነገር በእኔ ሊበላሽ?

ከቤታቸው ውጭ ሥጋ አይነኩም። የሚወዱት እንቁላል ነው። እንቁላል በሳምባ፣ አለችኝ። በሳምባ?! ሞያ የሌለኝ እንዳይመስላት እሺ ብዬ ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ሐላል ሥጋ ቤት ሄድኩ። ሳምባ በጀርመንኛ ሉንገ ነው፣ አጣርቼ ነው የሄድኩት።

"ሉንገ አለ?" አልኩት ቱርኩን።

"ውሻ ገዛሽ እንዴ?"

"የልጄ አማት ሊመጡ ነው።"

ቢላዋውን አስቀምጦ አየኝ። ምን እንዳሰበ አላህ ይወቅ።

ወጥቼ ለሀጅራ ደወልኩ። ስቃ ስቃ ልትሞት። "እማዬ፣ ሳምባ አይደለም! ሳምባል! ል! ል!" ለካ ቀይ በርበሬ ከሽንኩርት ጋር ተፈጭቶ በዘይት የሚጠበስ ነገር ነው። ስኳር ይገባበታል። ወጥ ውስጥ ስኳር! አስተግፊሩላህ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ስኳር… እስቲ ይሁን።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ሙከራ። ቪዲኮን ሰፈር ካለው የእስያ ሱቅ ደረቅ በርበሬና ታማሪንድ የሚሉትን ጎምዛዛ ፍሬ ገዛሁ። ሽንኩርቱን ከተፍኩ… ያለ ዘይት አቁላላሁት፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ማን አቁላዪ አለኝ? እጄ ነው። የራሴ በርበሬም ገባ። ቅቤም ገባ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤቴን ሔዋንን ሽታው ጠርቶ አወረዳት። "ዓርብ አይደል፣ እንቁላል አልበላም" ብላ በአፍንጫዋ ብቻ ቀመሰች።

"ጀነትዬ፣ ዶሮው የት ሄደ?"

ጉድ ፈላ። ዶሮ የሌለው ዶሮ ወጥ ሠርቻለሁ! ከነገ ወዲያ ነው የሚመጡት…

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ፋይዝ በቪዲዮ ደወለ፣ ሀጅራ አጠገቡ ሆና ታስተረጉማለች። ደረቁን በርበሬ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፊ። ከቀይና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ፍጪ። ዘይት ውስጥ ጨምሪና ዘይቱ ከላይ እስኪወጣ ጠብቂ። ይሄንንማ አውቃለሁ! ዕድሜዬን ሙሉ ዘይት እስኪወጣ ስጠብቅ አይደል የኖርኩት? ከዚያ ጎምዛዛው፣ ጨው፣ ስኳር። የተቀቀለውን እንቁላል ጠበስ አድርጌ ጨመርኩ። ቀመስኩ… ደግሜ ቀመስኩ… ሦስት እንቁላል ቆሜ በላሁ! ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ጨፈርኩ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

መጡ። ትንሽዬ ሴት ናቸው፣ ዓይናቸው ግን የሚያልፈው ነገር የለም። እኔ እንግሊዝኛ የለኝ፣ እሳቸው አማርኛ። አንድ እንቁላል በሩዝ በሉ። ማንኪያውን አስቀመጡ። ለልጃቸው አንድ ነገር አሉት። ፋይዝ አቀረቀረ።

"ምን አሉ?" አልኩ።

ሀጅራ ጠየቀችው። ከንፈሯን ነከሰች። "ስኳር ያንሰዋል አሉ።"

ክው አልኩ። አለቀ በቃ፣ የልጄን ነገር አበላሸሁባት…

እሳቸው ግን ተነሥተው ቀጥ ብለው ወጥ ቤቴ ገቡ። ሰው የማላስገባበት ወጥ ቤት! ተከተልኳቸው። ስኳሩን አገኙት፣ አንድ ማንኪያ ነሰነሱ፣ አቀመሱኝ። በዛ፣ አልኩ በእጄ። ቃሪያ ከትፌ ጨመርኩና አቀመስኳቸው። ሳል ያዛቸው። ከዚያ ሳቁ! እኔም ሳቅኩ። ሁለታችን አንድ ድስት ላይ ተደፍተን እያለን ክንዴን ያዝ አደረጉ።

"ኒካሕ… ሻዕባን?"

ኒካሕ! ሻዕባን! ከረመዳን በፊት ጋብቻ! ምኑ ይተረጎማል? "ኢንሻአላህ!" አልኩና እልልታዬን አቀለጥኩት። ሀጅራ ከሳሎን እየሮጠች መጣች።

"እማ! ምን ተቃጠለ?"

"ምንም። አማትሽ ቀን ቆረጡ።"

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ማን ይከለክለኛል? እሳቸው ብቻ እንዳያርርብን ያማስላሉ።