የክንፍ ሰባሪው ያልተወለወለ ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «ሰባሪው»፣ በቤታችን «ጋሼ» እየተባሉ ሲጠሩ የኖሩት ሟች፣ ከቆርቆሮ ሠሪ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው መጋቢት 9 ቀን 1938 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። አባታቸው እጀ ወርቅ፣ ግን ቁጡ ሰው ነበሩ። ልጃቸው በሠራው ባልዲ ላይ ጭረት ካዩ በመዶሻ ጨፍልቀው ይጥሉታል፤ አንዳንዴ ከመዶሻው ጥፊው ይቀድም ነበር። «ጭረት ነውር ነው» የሚለውን ትምህርት ጋሼ የቀሰሙት በጉንጫቸው ነው።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1955 ዓ.ም. ከሙያ ትምህርት ቤት በማዕረግ ተመረቁ። በ1959 ዓ.ም. በአውሮፕላን ፋብሪካ የሙከራ ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው መስበር ነበር። ለክንፍ ከሚሆነው አልሙኒየም የተቆረጠች መዳፍ የምታህል ናሙና በማሽን መንጋጋ አስይዘው፣ እስክትበጠስ ድረስ ይስቧታል፣ ይለቋታል። አንዳንዷ በሃምሳ ሺህ፣ አንዳንዷ በመቶ ሺህ ጉተታ እንደ ጥይት ጮኻ ትበጠሳለች። ቁጥሩን ፎቅ ላይ ላሉት የሒሳብ መሐንዲሶች ይልካሉ፤ እነሱም ክንፉ ምን ያህል ጉዳት ችሎ ስንት ጊዜ እንደሚበር ከዚያ ተነስተው ይቀምራሉ። በ1961 ዓ.ም. አንዲት የተፈናጠረች ስባሪ የግራ እጃቸውን ትንሽ ጣት ይዛባቸው ሄደች። ጣታቸውን ፍለጋ ማሽኑ ሥር ሲንበረከኩ አስቀድመው ያነሱት ስባሪዋን ነበር ይባላል።

በ1963 ዓ.ም. በዚያው ፋብሪካ የመቀመጫ ልብስ ይሰፉ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ። ያስተዋወቋቸው የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ናቸው፤ በሙከራ አዳራሹ መለኪያ የሚገጥሙ፣ ተረበኛ ሰው ነበሩ። እህታቸውን «ዘጠኝ ጣት ነው ያለው፤ የቀለበቱ ግን አልጎደለም» ብለው ነው ያግባቧቸው።

ጥር 17 ቀን 1971 ዓ.ም. የሆነውን ጋሼ ራሳቸው ይነበብ ብለው አዘዋል፤ ስለዚህ ይነበባል። በትልቁ አዳራሽ ሙሉ ክንፍ ወደ ላይና ወደ ታች እየታጠፈ ይሞከር ነበር። ስሌቱ ስልሳ ሺህ ጊዜ ይችላል ብሏል። በአሥራ ዘጠኝ ሺህ ላይ፣ ገና ብዙ ይቀረዋል ተብሎ፣ ጭነቱ ሳይነሳ የባለቤታቸው ወንድም የላላ መለኪያ ሊያጠብቁ ከሥሩ ገቡ። ክንፉ ተበጠሰ። የአዳራሹ መስኮቶች ረገፉ፤ እሳቸውም በዚያው ቀሩ። እናቷ በወሊድ የሞተችባትን የአራት ዓመት ሴት ልጃቸውን ትተው አለፉ። ፋብሪካው ሟቹ በራሳቸው ቸልተኝነት ሞቱ ብሎ ለመጻፍ ብዕሩን አነሳ።

ጋሼ ግን የተሰበረውን ክንፍ አገላብጠው አዩት። ስንጥቁ የተነሳው ከአንድ ቀዳዳ ዳር፣ መሰርሰሪያ ጥሎት ካለፈው ጭረት ነበር። የእሳቸው ናሙናዎች ደግሞ አንድም ጭረት አልነበራቸውም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እንደ መስታወት ሲወለውሉ ኖረዋል። ማንም አላዘዛቸውም፤ የአባታቸው ጥፊ ነው። መሐንዲሶቹም በዚያ ቁጥር የቀመሩት በምድር ላይ የሌለ ክንፍ ነበር።

ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ቢባልም፣ ያ ክንፍ የተገጠመላቸው አውሮፕላኖች በወሩ መጨረሻ ሊበሩ ስለነበር የሚታደርበት ጊዜ አልነበረም። ጋሼ አሥራ ሁለት ናሙና በሚስማር ጫሩ፤ በሦስት ቀን ሁሉንም ሰባበሩ። አንዷም ሃያ ሺህ አልደረሰችም። ስባሪውን በባልዲ ሞልተው የሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ገለበጡት፤ የጠረጴዛው መስታወት ተሰነጠቀ። «ሟቹን ተዉት፤ የወለወልኩት እኔ ነኝ» አሉ። ከክፍሉ ኃላፊነት ተነስተው ተራ ሠራተኛ ሆኑ፤ ክንፉ ግን ተቀየረ፣ የሟቹም ስም ጸዳ።

በዚያው ቀን ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ባለቤታቸው የጨርቅ መቀሳቸውን ወረወሩባቸው፤ የጋሼ ቀኝ ጆሮ ተተረተረ። የወንድማቸውንም ልጅ ይዘው ከቤት ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው በሩ ላይ ቆሙና «ልጅቷ አባት ያስፈልጋታል። ይቅርታው ገና ነው» አሉ። ጋሼም «የቀረው ጆሮዬ ይጠብቃል» ብለው አስገቧቸው። ይቅርታው መቼ እንደመጣ ሁለቱ ብቻ ያውቃሉ። በ1975 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለዱ።

እስከ ጡረታቸው፣ እስከ 1998 ዓ.ም.፣ ከማሽናቸው አልተለዩም። አዲስ ሠራተኛ ናሙና ሲወለውል ካገኙ ነጥቀው ወለሉ ላይ ይፈጠፍጧትና «አሁን አውሮፕላን ሆነች!» ይሉ ነበር። ሰው ግን በዕድሜያቸው አንድም ቀን አልመቱም።

በ2013 ዓ.ም. ዋናው የደም ሥራቸው አብጦ ግድግዳው መሳሳቱ ታወቀ። «ስንት ምት ይቀረዋል?» ብለው ሐኪሙን ጠየቁ። ሐኪሙ ይህን ያህል ማለት አልችልም ሲሏቸው፣ ወደ ባለቤታቸው ዞረው «ይኸው ሐቀኛ ቀማሪ» አሉ። ጥቅምት 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ጠዋት ጺማቸውን ሲላጩ ደም ሥሩ ፈንድቶ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ወንድ ልጃቸውንና ያሳደጓትን የባለቤታቸውን ወንድም ልጅ ትተው አልፈዋል። ይህን ታሪክ እንድትጽፍ ያዘዙት እሷን ነው፤ «የአባትሽን ነገር እንዳትወለውዪልኝ» ብለው። አባቷን ያሳጣት የእሳቸው እጅ እንደሆነ በሰባት ዓመቷ ከራሳቸው አፍ ሰምታለች፤ ከዚያም በኋላ አባዬ ስትላቸው ኖራለች። ዛሬም ትላቸዋለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከነጭረቷ ይቀበልልን።